ማንም ያላዘዘኝ ሥራ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ጊዜ «ኮምፒውተር ያውቃል» የሚል ስም ከወጣልህ አለቀልህ። ከዚያ ወዲያ የተቆለፈ ስልክ ትከፍታለህ፤ የጠፋ ፌስቡክ ታፈላልጋለህ፤ የዲቪ ፎርም ትሞላለህ፤ በሠርጉ ያልተገኘውን አጎት ከሙሽሮቹ ጎን አቁመህ ታትማለህ። «ይኸን እንኳ አልችልም» ብትል የሚያምንህ የለም፤ «ጠልቶን ነው» ይባላል። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ማመልከቻና ሲቪ ስተይብ የምውል ሰው ስለሆንኩ በዚህ አላማርርም። የታዘዘ ሥራ ነው፤ ገጹ ይቆጠራል፣ ሒሳቡ ይከፈላል፣ ባለጉዳዩም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል።

የሚያስወቅሰኝ ማታ የምሠራው ነው። መብራት ካለ፣ ከሌለም ባትሪው እስኪያልቅ፣ በፓይተን አጫጭር ፕሮግራሞች እጽፋለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አይከፍለኝም፤ ነገ ጠዋት ቢጠፉ «የት ገቡ» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ያሉበት ፎልደር ስሙ «ልዩ ልዩ» ነው። እናቴ አንድ ማታ ከኋላዬ ቆማ ጥቁሩን ስክሪን ትክ ብላ አየችና «አንተ ልጅ፣ ይኸ ምንህ ነው?» አለችኝ። «ፋሲካ በስንት ቀን እንደሚውል የሚናገር ነው» አልኳት። «እሱንማ ቄሱ ይናገሩት የለም?» ብላ እራቴን አስቀምጣ ሄደች። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በማግሥቱ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ማታ ማታ ፋሲካ ይፈልጋል» ብላ አዳረሰችው።

የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ኮድ የነካ ሁሉ ነገ ባለሀብት የሚሆን ይመስላል። «አፕህ መቼ ነው የሚወጣው?» ይሉኛል። አፕ የለኝም። ባለሀብት ፍለጋም አዲስ አበባ አልወጣሁም። «ታዲያ ምን ይጠቅምሃል?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ዘር መቁጠር ሆኗል። ዘር ከተቆጠረ ፓይተን ራሱ ያልታዘዘ ሥራ ነው። ጊዶ ቫን ሮሱም የተባለ ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1989 የገና ሰሞን መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋበት፣ ቤት ውዬ ምን ልሥራ ብሎ የጀመረው ነገር ነው። እኛ በገና ገና እንጫወታለን፤ ሰውዬው ቋንቋ ተጫወተ። በ1991 ለሕዝብ ለቀቀው። ስሙንም ያወጣለት ሞንቲ ፓይተን ከተባሉ የእንግሊዝ ቀልደኞች ነው። ዛሬ ባንኩም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ የጠፈር ተመራማሪውም የሚሠራበት ቋንቋ ያኔ ማን አዘዘው? ማንም።

የጊዶ መሥሪያ ቤት አምስተርዳም ያለ የሒሳብና የኮምፒውተር ምርምር ተቋም ነበር። በዚያው ቤት ከሱ በፊት የሠራ ኤድስኸር ዳይክስትራ የሚባል ሌላ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 ከእጮኛው ጋር ገበያ ሲዞር ደክሞት ቡና ሊጠጣ ቁጭ አለና፣ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ በ20 ደቂቃ ውስጥ ከሮተርዳም ግሮኒንገን የሚያደርሰውን አጭሩን መንገድ የሚፈልግ ስልተ ቀመር በጭንቅላቱ ጨረሰ። ለማሳተም ግን ሦስት ዓመት ፈጀበት። ዛሬ በስልክ ካርታ «በየት ልሂድ» ባልን ቁጥር የምንጠራው ያችን የቡና ሰዓት ሐሳብ ወይም ልጆቿን ነው። የእጮኛዋ ትዕግሥት የሚገባውን ያህል አልተጻፈለትም።

እኔም ዘዴውን በፓይተን ጻፍኩና አገሬን ሰጠሁት። ከተሞቹን ነጥብ፣ መንገዶቹን መስመር አድርጌ አስገባሁ፦ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ። «ከደምበጫ ቡሬ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ የቱ ነው?» አልኩት። በፍጹም ትሕትና መለሰልኝ፦ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ። ውጤቱን ለአንድ የሚኒባስ ረዳት ባሳየው «ታዲያ በየት ልንሄድ ኖሯል?» አለኝና በሩን ዘግቶ «ቡሬ! ቡሬ!» ማለቱን ቀጠለ። እውነቱን ነው። ምርጫ የሚባል ነገር የሚመጣው ቡሬ ከተደረሰ በኋላ ነው፤ አንዱ ወደ ኮሶበር፣ አንዱ ወደ ነቀምት ይለያል። ማንኩሳ ተወልዶ ዲማ የዘለቀው የሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህም ስልተ ቀመር አላስፈለገውም። ዳይክስትራ ምዕራብ ጎጃም ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ቡናውን ጠጥቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ እጮኛውን ይዞ ዝም ብሎ ይሄድ ነበር።

«እሺ፣ የሚረባ ነገር ልሥራ» ያልኩበት ጊዜም አለ። አጎቴ በርበሬ ነጋዴ ነው። ከቡሬ፣ ከጅጋና ከፍኖተ ሰላም ገበያ የሚሰማውን ዋጋ እየመዘገበ አማካዩን የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፍኩለት። አማካዩን ነገርኩት።

«በዚህ ዋጋ የሸጠ ማነው?» አለኝ።

«ማንም።»

«የገዛስ?»

«እሱም ማንም።»

«እንግዲያው ለማንም ንገረው።»

ከዚያ ወዲህ የሚረባ ነገር መሥራት ትቻለሁ።

የፋሲካው ግን ሌላ ነው። ፋሲካ የሚሰላበትን ባሕረ ሐሳብ በትውፊት የምናገኘው ከድሜጥሮስ ነው፤ ከእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ። ከመሾሙ በፊት የወይን አትክልት ገበሬ ነበር ይባላል። ጾሙና በዓሉ ከየዕለታቸው ንቅንቅ እንዳይሉ ተመኝቶ ከሌሊቱ 23፣ ከቀኑ 7 ሱባኤ ገባ። አንዱ ሱባኤ 7 ቀን ነው። 23 ጊዜ 7፣ 161፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ አበቅቴ ተባለ። 7 ጊዜ 7፣ 49፤ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ መጥቅዕ ተባለ። የቀረው የነዚህ የሁለቱ ሥራ ነው። ፓይተን መግደፉን በ% ምልክት ይሠራዋል፤ በፊደላችንም ስም ማውጣት ስለሚፈቅድ ፕሮግራሙ ሲጀምር አንድም የላቲን ፊደል የለበትም፦

ወንበር = (ዓመተ_ዓለም % 19 - 1) % 19
አበቅቴ = ወንበር * 11 % 30
መጥቅዕ = ወንበር * 19 % 30

የዘንድሮውን 2018ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 13፣ አንዱ ለዘመኑ ሲነሣለት ወንበር 12። አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ ስለዚህ መስከረም 18፣ ቀኑም እሑድ ነበር። ለየቀኑ የሚደመር ተውሳክ አለ፤ ከቅዳሜ 8 ይጀምርና አንድ አንድ እየቀነሰ ዓርብ 2 ላይ ይቆማል። የእሑድ 7 ነው። 18 እና 7፣ 25፤ ነነዌ ጥር 25፣ ሰኞ። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 4። ተውሳኩ ያለ ነገር ከ8 ወደ 2 አልወረደም፤ ነነዌን በየትኛውም ዓመት ሰኞ ላይ ገፍቶ የሚጥላት እሱ ነው። ፈረንጆቹ ለፓይተን ከጻፏቸው የቀን መቁጠሪያዎች አንዱ የኦርቶዶክስን ፋሲካ በራሱ መንገድ ያሰላል፤ አስጠይቄው አፕሪል 12፣ 2026 አለ። ያው ሚያዝያ 4 ነው። ሳይተዋወቁ ተስማሙ።

ይህን ይዤ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። ቅዳሴ ወጥቶ ከዋርካው ሥር መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«የኔታ፣ የዘንድሮን ፋሲካ በኮምፒውተር ላሳይዎት?»

«ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4» አሉ። ላፕቶፔ ገና እየተነሣ ነበር።

ጥያቄውን ማክበድ ነበረብኝ። «ዓመተ ዓለሙ በ19 ተገድፎ ምንም ባይተርፍስ? ለምሳሌ በ2005።»

«19 ትይዝና አንዱን ለዘመኑ ትተህ 18 ትላለህ። ይኸ ምን ይጠየቃል?»

እዚህ ላይ ፓይተንን ማድነቅ ደንብ ነው። ከባዶ ላይ አንድ ሲቀነስ -1 ይመጣል። ሲ የሚባለውን ቋንቋ «-1ን በ19 ግደፍ» ብትለው መልሶ -1 ይልሃል፤ ፓይተን ግን 18 ይላል። ጊዶ የአብነት ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ በዚህ ነገር ግን ከመሪጌታው ጋር አንድ ቤት ይቀመጣል።

በ2006 ግን ተጣላን። በዚያ ዓመት ወንበሩ ባዶ ነው። ማሽኔ አበቅቴ 0፣ መጥቅዕ 0 አለ። የኔታ ደግሞ «አበቅቴውማ አልቦ ነው፤ መጥቅዑ ግን 30 ነው። መጥቅዕ አልቦ አይባልም» አሉ። ሁለቱንም መንገድ መሬት ላይ በእንጨት እየጻፍን ተከተልን። በሳቸው 30 ከ14 ይበልጣልና መስከረም 30። በማሽኑ 0 ከ14 ያንሳልና ጥቅምት 0። ጥቅምት 0 የሚባል ቀን ቢኖር ከጥቅምት 1 በፊት ያለው መሆኑ ነው፤ እሱ ደግሞ ያው መስከረም 30 ነው። ሐሙስ ነበር፤ ተውሳኩ 3። በሳቸው 33፣ በ30 ሲገደፍ ነነዌ የካቲት 3። በማሽኑ 3፣ እሱም የካቲት 3። በጣም ደስ አለኝ። «አዩ የኔታ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ!»

«ልክ ደረሰ ማለት ልክ ሄደ ማለት አይደለም» አሉ። ለማሽኑ ሳይሆን ለሳቸው ስል 0 ሲመጣ 30 እንዲል አንድ መስመር ጨመርኩ። «በ2025 ይመለስብሃል፤ ያኔም እንዳትረሳ» ብለው አስጠነቀቁኝ። ልሰናበት ስል ነገሩን ላሳምር ብዬ ፕሮግራሙ የዐቢይ ቀመርን የ532 ዓመት አጽዋማትና በዓላት በአንድ ትንፋሽ እንደሚዘረዝር ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ «532 ዓመት የሚኖር ማን አዝዞህ ነው?»

ሌላው ጉዴ ፊደል ነው። ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው 3ኛ እትሙ ጀምሮ በግዕዝ ፊደል ስም ማውጣት ይፈቅዳል ብያለሁ። ፈቃዱ ግን መዘዝ አለው። በላይ በኩል «ዓመት» ብዬ የሰየምኩትን ታች ወርጄ «አመት» ብዬ ብጠራው «እንዲህ የሚባል አላውቅም» ብሎ ሥራውን ያቆማል። ለሱ ዐይኑ ዐ እና አልፋው አ ዘመድ አይደሉም። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ፌስቡክ ላይ «ጸሐይ»ም «ፀሀይ»ም ብትጽፍ ላይክ ይመጣልሃል፤ ፓይተን ግን አለንጋ የያዘ የፊደል የኔታ ነው። ኪቦርዱን ወደ አማርኛ አዙረህ የኮዱን ሁለት ነጥብ ስትመታ የኛው የቃል መለያ ፡ ትገባለች፤ ያን ጊዜ «ይህች ምልክት አትገባም» ብሎ ከነመለያ ቁጥሯ፣ ዩ+1361፣ ይከስሳታል። በሁለት ነጥብ ስንት ዘመን የጻፍን ሕዝቦች በሁለት ነጥብ ተከሰስን።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ያስገቡት ሰዎች ለየቤቱ ስምንት ስምንት ወንበር ደልድለዋል፤ ሀ 4608ኛው ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ ከማንኛውም ፊደል ቁጥር 4608 ቀንሰህ ለ8 ብታካፍል ቤቱን፣ የሚተርፈውን ብታይ ግእዝ ይሁን ካዕብ፣ ሣልስ ይሁን ራብዕ ታውቃለህ። ሙን ሞክሩት፦ 4633። ሲቀነስ 25። ለ8 ሲካፈል 3፣ ተራፊ 1። ከዜሮ ስትቆጥር ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ ሦስተኛው ቤት መ፣ አንደኛው ካዕብ። በዚህች ዘዴ የባጃጅ ጀርባ ላይ የተለጠፉ ጥቅሶች ቤት ይምቱ አይምቱ የሚመረምር ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ውጤቱን ለባጃጅ ነጂዎቹ አልነገርኩም፤ በነሱው ነው ወደ ቤቴ የምገባው።

የግዕዝ ቁጥርስ? «፩ አኃዝ ነው?» ብለህ ፓይተንን ብትጠይቀው «አዎ» ይላል። «እንግዲያው ወደ ቁጥር ለውጠው» ስትለው እምቢ ይላል። ዐረቦች በፊደላቸው የሚጽፉትን ሦስት፣ ሕንዶችም የሚጽፉትን ሦስት ሳያቅማማ ይቀበላል፤ የኛን መኖሩን እያመነ ሥራ አይሰጠውም። በዚህ እንኳ አልፈርድበትም። የኛ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ አሥርም የራሱ ምልክት ፲ አለው፤ 2018 ሲጻፍ ፳፻፲፰ ነው። በጳጉሜን ግን አልምረውም። 13ኛ ወር ብለህ ብታስገባለት «ወር ከ1 እስከ 12 ነው» ይላል። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀሐይ አገር» ብለው ለዓለም ቱሪስት ያስተዋወቁትን ወር ጥርግ አድርጎ ይክደዋል።

በዚህ እብደት ብቻዬን እንዳልሆንኩ ሳውቅ ደስታዬ ወሰን አጣ። ዳንኤል ያዕቆብ፣ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር መግቢያ እንዲያገኝ ከደከሙት ሰዎች አንዱ፣ ፐርል በሚባለው የላሪ ዎል ቋንቋ የግዕዝ ቁጥር የሚለውጥ፣ የኢትዮጵያን ቀን የሚቆጥር፣ ፊደልን በቤቱና በካዕብ ሣልሱ እየለየ የሚፈልግ መሣሪያ እየሠራ በነፃ ለቅቋል። የቁጥሩ ዘዴ የሚገርም ነው፤ ከቀኝ በኩል ሁለት ሁለት አኃዝ እየከፈለ በየመሐሉ ፻ እና ፼ን በየተራ ይሰካል። ማይክል ጋሰር የተባለ አሜሪካዊ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ምሁር ደግሞ በፓይተን ሆርንሞርፎ የሚባል ነገር ሠርቷል፤ የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃል እስከ ሥሩ ይበትናል። «አልነገርኩህም» ብለህ ብትሰጠው ሥሩን ነ-ገ-ረ፣ ባለቤቱን እኔ፣ ተቀባዩን አንተ፣ ነገሩንም አሉታ ብሎ ያወጣል። ማን ለማን እንዳልነገረ በትክክል የሚያውቅ መሣሪያ እኛ ሰፈር ቢገባ የስንቱን ቡና ማጣጫ ያበላሽ ነበር።

የመጨረሻው ሙከራዬ እቁብ ላይ ነው። የሰፈራችን እቁብ እሑድ እሑድ ይጣላል። ስሞቹ በወረቀት ቁራጭ ተጽፈው፣ ተጠቅልለው፣ ኩባያ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዳር የሚጫወት ሕፃን ተጠርቶ አንዱን ያወጣል። እኔ ደግሞ «ስሞቹን ፓይተን ውስጥ ላስገባና እሱ ያውጣ፤ ልጁንም ከጨዋታው አናስተጓጉለው» አልኩ። ዳኛው ለጊዜው ዝም አሉ። በሰፈሩ በእድሜ የሚበልጡን እትዬ ግን «ያንተን ስም አያውቀውም?» አሉኝ።

«የሁላችንንም ያውቃል እትዬ፤ ግን ያለ አድልዎ ነው የሚያወጣው።»

«አንተ የጻፍከው አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ?»

ለማስረዳት ሞከርኩ። ፓይተን ዕጣ የሚያወጣበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለት ጃፓኖች፣ ማትሱሞቶና ኒሺሙራ፣ ያወጡት ነው፤ ድግግሞሹ እስኪመለስ ያለው ርዝመት ራሱ 6,002 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። ይህን ስል የእቁቡ ሰው በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ ግን አዋቂ መባል ጣመኝና ቀጠልኩ። ቁጥሩ ዕጣ ይመስላል እንጂ በስሌት ነው የሚመጣው፤ ከአንድ መነሻ የተነሣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይወጣል፤ በንድፈ ሐሳብ ደግሞ 624 ተከታታይ ውጤት በሙሉ ያየ ሰው ቀጣዩን ሊያውቅ ይችላል።

እትዬ ወደ ዳኛው ዞሩ። «አላልኩም?»

«እትዬ፣ 624 እኮ በሳምንት አንድ ሲጣል 12 ዓመት ነው!»

«እቁባችን 12 ዓመት አልፎታል።»

ሴትዮዋ ትምህርት ቤት ያልገቡ ናቸው፤ ግን የፓይተን መመሪያም ይህንኑ ዘዴ ለምስጢርና ለደህንነት አትጠቀሙበት ብሎ ያስጠነቅቃል። ለዚያ ተብሎ ከ3.6ኛው እትም ጀምሮ ሊገመት የማይችል ሌላ ዕጣ ማውጫ ተጨምሮበታል። በዚያ ልቀይረው ብል ዳኛው «ልጁስ ምን አጠፋ?» ብለው ዘጉት። ኔትወርክ እንደሌለው፣ ዘመድ እንደማይለይ፣ ገና ማንበብ እንደማይችል ተቆጠረለት። የዕጣ ማውጫ ከዚህ ሌላ ምን ብቃት ይፈለግበታል?

በሽምግልና ተስማማን። ዕጣውን ሕፃኑ ያወጣል፤ የኔ ፕሮግራም ደግሞ ስሞቹን በእኩል መጠን በእኩል ቁራጭ ላይ ያትማል፤ አንዱ ወረቀት ወፍሮ ከጣት እንዳይገባ። ይህ ብዙ ጊዜ ያጣላ ነገር ስለነበር ሁሉም ወደደው። ዝርዝሩን ከጸሐፊው መዝገብ ላይ ገለበጥኩ፤ አትሜ፣ ቆራርጬ፣ እሑድ ይዤ ቀረብኩ። እትዬ መነጽራቸውን አደረጉና አንድ በአንድ እየዘረጉ መረመሩ። የራሳቸው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኸ የኔ አይደለም።»

«የርስዎ ስም እኮ ነው እትዬ።»

«የኔ በንጉሡ ሠ ነው። ክርስትና ስነሣ ቄሱ የጻፉት አለ። ይኸ እሳቱ ነው። ይኸ ቢወጣ ብሩን እሳት ሊወስደው ነው?»

ጸሐፊው መዝገቡን አገላበጠ። ዳኛው «ስሙ ካልሆነ ዕጣው አይሆንም» ብለው ፈረዱ። አንዷ ከፈረሰች ደግሞ ሁሉም ይፍረስ፣ አለዚያ የሳቸው ወረቀት በኋላ የታተመ ተብሎ ይለያል፣ የሚል ሌላ ክርክር ተነሣ። እንደገና ላትም ወደ ሱቁ ስሮጥ መብራት ሄደ። ተመልሼ ነገርኳቸው። እትዬ ከመቀነታቸው እስክሪብቶ ፈትተው ሰጡኝ።

«በል ቁጭ በልና ጻፍ፤ እኔ እነግርሃለሁ። ከኔ ጀምር።»